ቁም ሳጥን ውስጥ የገባው ደመራ

እኔ የሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ሶፋው ላይ ወይም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የምርቃት ፎቶ ላይ አይደለም። ሶኬቱ ላይ ነው። ከአንዱ ሶኬት ምን ያህል ነገር ተቀጣጥሏል? መጋረጃው ምድጃው አጠገብ ነው? የጋዝ ሲሊንደሩስ የት ተቀመጠ? ባለቤቱ እጄን ይዞ ሲስመኝ እኔ በትከሻው ላይ አሻግሬ መውጫውን እፈልጋለሁ።

ሚስቴ ይህን አመሌን ከለመደችው ቆይታለች። ልጄ ግን አልለመደችውም። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ሲከፋት በሦስት ቋንቋ ነው የሚከፋት። በቅርቡ ሁርሊንግሃም አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሰርግ ተጠርተን፣ ሰው ሁሉ ሳህኑን ይዞ ሲሰለፍ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። የአደጋ ጊዜ መውጫው በለስላሳ መጠጥ ሣጥኖች ታጥሮ አገኘሁት። አስተናጋጆቹን ጠርቼ፣ የመጨረሻው ሣጥን እስኪነሣ ድረስ እዚያው ቆምኩ። ሙሽሮቹ ኬክ የሚቆርሱት በዚያው ሰዓት ስለነበር፣ በሰርጉ ቪዲዮ ላይ ከኋላቸው ሣጥን የተሸከሙ ሰዎች ሲያልፉ ይታያሉ።

«ዳዲ፣ ፕሊስ! ዛሬ ኦፍ ነህ እኮ፤» አለችኝ ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና።

«እሳት ኦፍ የለውም።»

«ሃኪ ያ ሙንጉ፣ በእግዚአብሔር! እኔ ከዚህ ሰውዬ ጋር አልመጣሁም፤» ብላ ወደ ጓደኞቿ ጠረጴዛ ሄደች።

ትሂድ። አባት የተፈጠረው በልጁ ጓደኞች ፊት እንዲያምር አይደለም።

የከተማው የእሳት አደጋ መከላከል ተቆጣጣሪ ነኝ። የሆነ ነገር ሲቃጠል ደግሞ ለምን እንደተቃጠለ የምመረምረውም እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰዎች ቤት ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ፤ ከእሳቱ በፊትና ከእሳቱ በኋላ። በፊት ስሄድ ይጠሉኛል፤ በኋላ ስሄድ ይዋሹኛል። በሁለቱም አልቀየምም። ኪሊማኒ ውስጥ የጋዝ ሲሊንደሩን በዳንቴል ሸፍኖ፣ አናቱ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ያቆመ ምግብ ቤት ገጥሞኛል። «ለምን?» ብዬ ስጠይቅ ባለቤቱ፣ «ጌታዬ፣ ዓይን ይወጋል ብለን ነው፤» አለኝ። የእሳት ማጥፊያውን በር እንዳይዘጋ ማስደገፊያ ያደረገ፣ ኮት መስቀያ ያደረገ፣ እንዳይሰረቅ ብሎ መጋዘን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሞምባሳ የሄደም አይቻለሁ። የሰው ልጅ እሳትን የሚፈራው ሲያየው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የምከፈለው ሳይታይ እንድፈራው ነው።

ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። በወጣትነቴ ወደዚህ አገር ስመጣ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ የእሳት ማጥፊያ ሲሊንደር የሚሞላ አንድ ሱቅ ውስጥ ነበር። እንግሊዝኛ ማንበብ የጀመርኩት ከሲሊንደሩ ጀርባ ላይ ካለው ጽሑፍ ነው። «ፒኑን ንቀል፣ ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥር» የሚለውን «እንደምን ዋልክ» ከሚለው በፊት አውቄዋለሁ። ከዚያ መንገድ ዳር ከሚሸጡ አሮጌ መጻሕፍት መካከል ስለ እሳት የሚያወሩትን እየለቀምኩ፣ የማይገባኝን ቃል እያሰመርኩ አነበብኩ። ዜግነት አገኘሁ፣ እሳት አጥፊ ሆንኩ፣ ፈተና ተፈተንኩ፣ ወደቅኩ፣ እንደገና ተፈተንኩ። ልጆቼ በኩራዝ ብርሃን ያጠናሁ መሆኔን በየጊዜው ስለምነግራቸው ታሪኩን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። አሁን ስጀምር እነሱ ይጨርሱልኛል።

እንዲህ ያለ ሰው መስቀል ሲደርስ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። የናይሮቢ ኢትዮጵያውያን ዓመቱን ሙሉ «መጣብን» እያሉ ይሸሹኝና፣ ደመራ ሲደርስ የኮሚቴ ሰዎች ራሳቸው ይደውላሉ። ሄጄ ግቢውን በእርምጃ እለካለሁ። ደመራው በየትኛውም በኩል ቢወድቅ አጥርና ድንኳን የማይነካበትን ቦታ አሳያለሁ፤ ቁመቱንም እወስናለሁ። ቁመቱ ላይ ሁልጊዜ እንጣላለን።

«ይሄማ ደመራ አይደለም፣ ችቦ ነው፤» ይለኛል የኮሚቴው ሊቀመንበር።

«ግቢውን አስፋልኝና እኔም ቁመቱን እጨምርልሃለሁ።»

«በገመድ ብንወጥረውስ?»

«እሱንማ ካህናቱ አይፈቅዱም፤ የሚወድቅበትን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው ይላሉ።»

«እግዚአብሔርም ከአንተ ፈቃድ ያውጣ እንግዲህ!» ይልና ሁሉም ይሥቃል።

ሲዘመርና ሲጨበጨብ እኔ የውሃ ቱቦ ይዤ ዳር ላይ እቆማለሁ። አንዳንዱ ሊያሾፍብኝ አጠገቤ መጥቶ፣ «አይዞህ፣ ይነድዳል፤» ይለኛል። ይህ የማወራው ነገር በሆነበት ዓመትም እንደዚሁ ሆነ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደመራው ተለኮሰ፣ ነደደ፣ በሰላም ወደ ምሥራቅ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ምሥራቅ ምን ማለት እንደሆነ ሲከራከሩ፣ ለእኔ ምሥራቅ ማለት ድንኳኑ የሌለበት ወገን ማለት ነበርና አመስግኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግሥቱ እሑድ ጠዋት ሰው እንደ ወጉ ተመልሶ መጣ፤ አመዱን ግንባሩ ላይ በመስቀል ምልክት ተቀባ፣ ከተረፈውም ለበረከት ቆንጥሮ ወሰደ።

እሑድ ከምሳ በኋላ አለቃዬ ደወለ። ሳውዝ ሲ ሰፈር አንድ ፎቅ ላይ መኝታ ቤት ተቃጥሏል፤ ጎረቤቶች አጥፍተውታል፤ ሰው አልተጎዳም፤ ሄደህ መንስኤውን መርምር አለኝ። የቤቱን አድራሻ ስሰማ አወቅሁት። የቤቱ ባለቤት ልብስ ከውጭ እያስመጣች የምትነግድ፣ በቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ እህታችን ናት።

«አለቃ፣ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፤» አልኩት። «ሌላ ሰው ብትልክ ይሻላል።»

«ሌላው ሰው ቋንቋቸውን አያውቅም። አንተ ከምታውቃቸው ሰዎች መካከል ያልቀጣኸው አለ?»

ሄድኩ።

የሕንፃው በር ላይ ስደርስ ዘበኛው ወንበር አጠገብ አንዲት ወጣት ሴት ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አገኘሁ። የቤቱ ሠራተኛ መሆኗን አወቅሁ፤ በበዓል ቀን ሄደን ሻይ አቅርባልን ታውቃለች። ከኪቱይ በኩል የመጣች፣ ሐበሻ ቤት ሠርታ ሠርታ አማርኛ የለመደች ልጅ ናት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ጭስ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም።

«ምን ሆነሽ ነው እዚህ የተቀመጥሽው?»

«ማዳም አባረረችኝ፤» አለችኝ። «ካውያ ረስተሽ ቤት አቃጠልሽ አለች። እኔ ካውያ ነቅዬ ነበር ምዜ፣ ጋሼ። ማርያምን!»

ዘበኛው በስዋሂሊ ጨመረልኝ። ማዳም ወርዳ እዚሁ በር ላይ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር እየሰማች፣ «ቤቴን ያቃጠለች ይህቺ ናት» ብላ ጮኻለች። ልጅቷ ያልሄደችው የምትሄድበት ስላጣች አልነበረም። «እንዲህ ተብዬ ከሄድኩ በዚህ ሰፈር ማን ይቀጥረኛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሳውዝ ሲ ውስጥ ሰሐን የሰበረች ሠራተኛ ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ ከፎቅ ፎቅ ይደርሳል፤ ቤት አቃጠለች የተባለችማ ወሬዋ አገሯ ድረስ ይከተላታል።

«እዚሁ ጠብቂኝ፤» አልኳት።

ላይ ስወጣ ቤቱ በጭስ ሽታና በእርጥብ ምንጣፍ ሽታ ተሞልቶ ነበር። ባለቤቷ ጫማዋን አውልቃ፣ የበዓል ቀሚሷ ጫፍ ጠቁሮ፣ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«ተመስገን አንተ መጣህ! ነገሩ ግልጽ ነው፤ ካውያ ነው። ልጅቷ ጠዋት እማዬ ክፍል ውስጥ ልብስ ስትተኩስ ነበር። እኛ ምሳ ላይ ሆነን ጭስ ሸተተን። ምን ይጣራል?»

«ቡና እንዳታፈዪልኝ፤ መጀመሪያ ክፍሉን አሳዪኝ፤» አልኳት።

ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጡት እናቷ ሳሎን ውስጥ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ግንባራቸው ላይ የአመዱ መስቀል አለ። ሰላም ብያቸው አለፍኩ።

አንባቢዬ እሳት እንዴት እንደሚመረመር ባያውቅ አልፈርድበትም፤ ግን ቀላል ነው። እሳት ወደ ላይና ወደ ጎን ይሰፋል። ስለዚህ ብዙ የጠቆረውን ሳይሆን፣ ዝቅ ብሎ በጥልቀት የተበላውን ቦታ መፈለግ ነው። ጣሪያው የጠቆረ ስለሆነ ጣሪያውን የሚከስስ መርማሪ ቢቀር ይሻላል። በሰውም ነገር እንዲሁ ነው፤ የሚጮኸውን ትተን ዝቅ ብለን ብናይ ስንት ጠብ ይቀር ነበር።

ካውያው መተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ገመዱ ተጠቅልሏል፤ መሰኪያው ከሶኬቱ ውጭ ነው። ይህ ብቻውን አያሳምነኝም፤ ሰው ደንግጦ ነቅሎት ሊሆን ይችላል። ግን የካውያው ሆድ ንጹሕ ነው፤ የተጣበቀ ጨርቅ የለም። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው ጨርቅ ከላይ ጥላሸት ወርዶበታል እንጂ አንድም ቦታ አልተቃጠለም። ሶኬቱም ደህና ነው። ክፍሉ ማዶ ያለው ቁም ሣጥን ግን ከግርጌው ተበልቶ ወለሉ ድረስ ወርዷል። እሳቱ ከውጭ ገብቶ ሳይሆን ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ወጥቶ ነው በሮቹን የበላቸው። ካውያ ደግሞ ክፍል አቋርጦ፣ የተዘጋ ቁም ሣጥን ከፍቶ፣ ግርጌው ውስጥ ገብቶ፣ ተመልሶ ቦታው ላይ አይቆምም።

«ካውያ አይደለም፤» አልኩ።

«እንዴት አይደለም?» አለች ባለቤቷ። «ታዲያ ከየት መጣ? ቁም ሣጥን ውስጥ መብራት የለ፣ ሽቦ የለ!»

እኔንም ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር። ወንፊት ስጪኝ አልኳት። በዚህ ሥራ ውስጥ ከማጉያ መነጽር ይልቅ የጠቀመኝ የወጥ ቤት ወንፊት ነው። ከቁም ሣጥኑ ግርጌ አመዱን እያነሣሁ በቀስታ አበጠርኩት። ቁልፍ ወጣ፣ የጫማ ማሰሪያ ቀለበት ወጣ፣ የካርቶን ቅሪት ወጣ። ከዚያ አንድ ነገር ወንፊቱ ላይ ቀረ። የጣት ያህል ርዝመት ያለው፣ ድብልብል ያለ፣ በአንድ ወገን ልጡ ያልለቀቀ የባሕር ዛፍ ትርኳሽ።

ቁም ሣጥኑ ከቺፕውድ የተሠራ ነው። ቺፕውድ ልጥ የለውም፤ ቢቃጠልም ድብልብል አይሆንም። በእጄ ላይ አገላበጥኩት። ይህን እንጨት አውቀዋለሁ። ትናንት ውሃ ይዤ ስጠብቀው የዋልኩት ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ግን ስለዚህ ቤት አልነበረም። ስልኬን አውጥቼ ወደ ቤቴ ደወልኩ።

«ዛሬ ጠዋት ከደመራው ያመጣሽው አለ?» አልኳት ሚስቴን።

«አለ። ምነው?»

«የት ነው ያስቀመጥሽው?»

«ብረት ድስት ውስጥ፣ ውሃ አርከፍክፌበት፣ ክዳኑን ገጥሜ፣ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ። እንዲያው ልጠይቅህና፣ ከአንተ ጋር ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ ፍም በጉያዬ ይዤ የምተኛ መሰለህ?»

«አይ፣ ለማረጋገጥ ነው።»

«ስትመጣ ዳቦ ይዘህ ና፤» ብላ ዘጋችብኝ።

ትርኳሹን በነጭ ሶፍት ላይ አስቀምጬ ሳሎን ገባሁ። ከእናትየዋ ፊት ለፊት፣ ዝቅ ያለው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። አሮጊት ሴት ላይ ቆሞ ጥያቄ መጠየቅ ነውር ነው፤ መርማሪ ብሆንም ነውሩ አይቀርልኝም።

«እናቴ፣ ይህን ያውቁታል?»

መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ እጄ አጎነበሱ።

«የኔ ነው፤» አሉ ወዲያው። «በረከቴ ነው። ተረፈ እንዴ? ተመስገን!»

«የት አስቀምጠውት ነበር?»

«በቁም ሣጥኑ ግርጌ፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ። አዲስ አበባ ለልጅ ልጆቼ ልወስደው ነው እኮ።»

«ለምን ቁም ሣጥን ውስጥ?»

ወደ ወጥ ቤቱ በኩል አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያቺ ልጅ ያገኘችውን ሁሉ ትጥላለች። ንጽሕና ሲበዛ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ጤና አዳሜን አረም ነው ብላ ነቅላ ጣለችብኝ። ይህንንም ቆሻሻ ነው ብላ እንዳትጥለው ደበቅኩት።»

«እናቴ፣ ውስጡ ፍም ነበረበት።»

«የለበትም! በእጄ ነክቼዋለሁ፤ ቀዝቅዞ ነበር።»

«ከላይ ነው የሚቀዘቅዘው። አመድ ለብሶ ውስጡ ቀስ እያለ ይነድዳል። በጨርቅ ሲጠቀለልለትና ካርቶን ሲያገኝ ነው የተነሣው።»

መቁጠሪያው በጣቶቻቸው መካከል ቆመ። «የደመራ እሳት የአማኝ ቤት ያቃጥላል እንዴ?» አሉ፣ ለእኔም ለራሳቸውም በሚመስል ድምፅ።

«እሳትነቱን አልተወም፤» አልኳቸው።

ይህን ጊዜ ልጃቸው ክንዴን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችኝና በሩን ዘጋች።

«ስማኝ ወንድሜ፤» አለች። «እባክህ ይህን አትጻፈው። ካውያ ብለህ ጻፍ። እማዬ ትልቅ ሴት ናት። ነገ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ‹የልጇን ቤት አቃጠለች› እያሉ ሲጠቋቆሙባት በቁሟ ነው የምትሞተው።»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷን እመልሳታለሁ! ዛሬውኑ እመልሳታለሁ። ማን ወረቀት ያነብባል? ያንተ ቢሮ ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከአንተና ከእኔ ሌላ ማንም አያየውም።»

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ተወላወለ። ይህች ሴት ሚስቴ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ልጆቼን ቤቷ ወስዳ ያበላች ናት። ክፉ ሰው አይደለችም። እናቷም እናቴን ይመስሉኛል። ካውያ የሚል አንድ ቃል ነው የጠየቀችኝ። ስንቱ የዚህ ከተማ ነጋዴ ከዚህ የባሰ ጠይቆኛል፤ ለእነሱ እምቢ ለማለት ግን አንድም ቀን አልተቸገርኩም፤ አልወዳቸውማ። እምቢ ማለት የሚከብደው ለምንወደው ሰው ነው። ለዚያ ነው ብዙ ጨዋ ሰው በመልካም ልብ ዋሽቶ የሚገኘው።

«እኔ ካውያ ብዬ ስጽፍ፣» አልኳት፣ «ካውያው እግር የለውም። ካውያውን የያዘች ሰው ትፈለጋለች። ስሟ እዚያ ወረቀት ላይ ይገባል። ነገ አንቺ ወደ አገርሽ ብትመለሺ፣ እሷ ሌላ ሥራ ብትፈልግ፣ ያ ወረቀት አለ።»

«እኔ እመልሳታለሁ አልኩህ እኮ!»

«መመለሱን መልሻት። ስሟን ግን እኔ አላቆሽሽም። ለልጄም ቢሆን አላደርገውም።»

«አንተ ድንጋይ ነህ!» አለችኝ።

«ቤቴም እንደዚያ ነው የሚሉኝ።»

በሩ ተንኳኳና ሳይፈቀድለት ተከፈተ። እናትየዋ ናቸው። በር እንደተዘጋበት ሰው ሳይሆን እንደ ቤቱ አዛዥ ቆሙ።

«ምን ትንሾካሾካላችሁ? ጆሮዬ ገና አልሞተም። ልጂቱ የት ናት?»

ልጃቸው ወደ ምድጃው ዞረች።

«ልጂቱን የት ላክሻት? ከምሳ ጀምሮ ድምጿን አልሰማሁም።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በሩ ላይ የተጮኸው ሁሉ በስዋሂሊ ነው። እኚህ እናት ስዋሂሊ ከ«ጃምቦ» በላይ አያውቁም። ሠራተኛዋ መባረሯን፣ የተባረረችውም ለምን እንደሆነ አልሰሙም። ልጃቸው ወደ እኔ አየች፤ እኔም ጣሪያውን አየሁ። የእሷ ወሬ ነው፤ እሷ ትናገረው።

«አባርሬያታለሁ፤» አለች በመጨረሻ። «ካውያ መስሎኝ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን መልሰው አጣፉ። እንዲያ ሲያጣፉ ያየሁት የመንደር ሽማግሌ ሊዳኝ ሲነሣ ነው።

«እኔ ያቃጠልኩትን እሷ ተባረረችበት? ጻፍ አንተ!» አሉኝ። «ወረቀትህን አውጣና ጻፍ፤ የኔን ስም ምን ጎደለውና ነው የምትደብቁት? እናት ናት ያቃጠለችው በል። በረከት ስትሸሽግ ነው በል።»

«እማዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ምን ይሉሻል?»

«የሚሉኝን ይበሉኝ። ትናንት ያን ሁሉ ሰዓት መስቀል ስዘምር ውዬ ዛሬ የሰው ልጅ ላይ ላላክክ ነው? ደግሞስ ያን ፍም እኔ ብቻ ነኝ የወሰድኩት? የሰበካው ሴቶች ሁሉ ናቸው በካርቶንና በፌስታል ይዘውት የሄዱት። ይልቅ አንተ ደውልላቸው፣ የማን ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳለ ጠይቅ!»

ይህን አልጠበቅሁትም ነበር። ወዲያው ለኮሚቴው ሊቀመንበር ደወልኩ። ሰበካው የቴሌግራም ቡድን አለው፤ «ከደመራው የወሰዳችሁትን አሁኑኑ ብረት ዕቃ ውስጥ ከትታችሁ ውሃ አፍስሱበት» ብሎ እንዲጽፍ አስጠነቀቅሁት። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሣቀ። በኋላ ራሱ ደንግጦ፣ «ቆይ፣ እኔም መኪናዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አለ!» ብሎ ስልኩን ሳይዘጋ ሲሮጥ ሰማሁት።

እናትየዋ ልጃቸውን ወደ በሩ ገፋ አደረጓት። «ውረጂ። አንቺ ራስሽ ውረጂ።»

ወረደች። እኔም ምስክር መሆን ሥራዬ ስለሆነ ተከትዬ ወረድኩ። ሠራተኛዋ አሁንም ሻንጣዋ ላይ ናት። የቤቱ ባለቤት አጠገቧ ቆማ በዝቅተኛ ድምፅ፣ በአማርኛ፣ «ተነሽ ወደ ላይ እንውጣ፤ ካውያ አልነበረም፤ ይቅርታ፤» አለቻት።

ልጅቷ አልተነሣችም።

«ምነው? አልሰማሽኝም?»

«ሰምቼ። ዘበኛው አልሰማ። ማማ ምቦጋ አልሰማች፤» አለች ልጅቷ ወደ አትክልት ሻጯ በአገጯ እያመለከተች። «ማዳም፣ ቅድም በነበረው ድምፅ። በስዋሂሊ።»

ባለቤቷ ወደ እኔ ዞረች። እንድረዳት ነበር። እኔ እሳት አጠፋለሁ እንጂ ይህን ማጥፋት አልችልም። ቀይ ፊቷ ይበልጥ ቀላ። ከዚያ ዘበኛው፣ አትክልት ሻጯና በረንዳ ላይ ልብስ የምታሰጣ ጎረቤት እየሰሙ፣ በስዋሂሊ እሳቱን ያስነሣችው ይህች ልጅ እንዳልሆነች፣ ያለ ጥፋቷ እንደወነጀለቻት፣ አሁን ይቅርታ እየጠየቀቻት መሆኑን ተናገረች።

«ፖሌ ሳና፤» አለች መጨረሻ ላይ። ድምፁ ቅድም ያህል ባይሆንም ከጠበቅሁት በላይ ነበር።

«ሳዋ ሳዋ፤» አለ ዘበኛው፣ እሱ የተበደለ ይመስል ይቅርታውን ተቀብሎ። አትክልት ሻጯ ግን፣ «ታዲያ ማን ነው ያቃጠለው?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቷ ቀና ብላ ወደ ፎቁ አየች።

«እናቴ፤» አለች። «በስህተት።»

«አይ ሾሾ!» አለች አትክልት ሻጯ፣ አያትየዋን ማለቷ ነው፤ ሁሉም ሣቀ፤ ባለቤቷም ራሷ። ልጅቷ ያኔ ተነሣችና ሻንጣዋን አነሣች።

ላይ ስንመለስ አሮጊቷ ትርኳሹን በብረት ሳህን አድርገው፣ ውሃ አፍስሰውበት ጠበቁን። እኔ ሪፖርቴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ የሆነውን እንደሆነው ጻፍኩ፤ በአማርኛም አነበብኩላቸው። «ሆን ብላ አይደለም» የሚለው መኖሩን አረጋግጠው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሠራተኛዋ ግን አልተቀመጠችም። ጓንት አድርጋ የተቃጠለው ክፍል ገባች፤ መስኮቶቹን ከፈተች፤ የአሮጊቷን ሻንጣ ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ሾሾ፣» አለቻቸው፣ «ሌላ የደበቅሽው አለ?»

«የለም፤» አሉ አሮጊቷ። ትንሽ አሰቡና ወደ እኔ ዞሩ። «ጠበል ነው ያለው። እሱም ይከለከላል እንዴ?»